ፋኖስና ጃንጥላ የተወዳደሩበት ሰኔ

ልጅ እያለሁ፣ አንድ ሰኔ ሙሉ፣ ዝናብ የሚዘንበው ለዘይነባ አባት ብሎ ይመስለኝ ነበር። ደመናው ከጉና ራስ ተነሥቶ ወደ ደብረ ታቦር ሲወርድ የሠፈሩ ልጅ ሁሉ ልብስ ከገመድ ለማንሣት ይሮጣል፤ እኔ ግን ደጃችን ላይ ቆሜ ጥርሴን እነክሳለሁ። ጠብታው ገና መሬት ሳይነካ በየመንገዱ ጃንጥላ ይዘረጋል። ጥቁሩም፣ ቡናማውም፣ ሽቦው ተሰብሮ እንደ ቆሰለ ክንፍ የተንጠለጠለውም ሁሉ ለጋሽ ሰይድ ይቀሰቅሳል። የአባቴ የምርጫ ምልክት ፋኖስ ነበር። በቀን ፋኖስ ይዞ የሚወጣ ሰው ደግሞ የለም።

መምህር ነኝና ነገሩን ከሥሩ ሳላስረዳ ማለፍ አይሆንልኝም። የምርጫ ክልል ማለት ለፓርላማ እንደራሴ የሚልክ አካባቢ ማለት ነው። የእኛው ከከተማው ተነሥቶ ገብስና ድንች እስከሚበቅልበት እስከ ጉና ብርድ ድረስ ይወጣል። ታሪኩን መጀመሪያ የሰማሁት ከአያቴ ነው። በንጉሡ ዘመን የመረጡት ሰው ምልክቱ ግመል እንደነበር ይነግሩን ነበር። ግመል በዐይናቸው አይተው አያውቁም፤ ሰውየውንም እንዲሁ። በደርግ ጊዜ ደግሞ ከመምረጡ ይልቅ ከስብሰባው መቅረት ያስፈራ እንደነበር ያወጉናል። ከዚያ ወዲያ አንድ ስም ብቻ የቀረበበት ምርጫ ነበር፤ እሱን አያቴ «አንድ በግ አቁመው ምረጥ አሉን» እያሉ ነበር የሚተርኩት።

በእኔ ዕድሜ የመጣው ምርጫ ግን ለክልላችን አዲስ ነገር ይዞ መጣ። የምናውቃቸው ሰዎች ተወዳደሩ። ያውም ሁለት፤ ያውም ግድግዳ የሚጋሩ ጎረቤታሞች።

አባቴ አድማሱ ወፍጮ ቤት ነበረው። ቅንድቡ ላይ ሁልጊዜ ዱቄት ስለሚቀመጥ ከዕድሜው በፊት የሸበተ ይመስል ነበር። ከግድግዳው ወዲያ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴው ጋሽ ሰይድ፣ ባለቤታቸው እትዬ መዲናና ልጃቸው ዘይነባ ይኖሩ ነበር። ከአንደኛ ክፍል ጀምረን እኔና ዘይነባ አንድ ዴስክ ላይ ነን። ለዒድ እነሱ ለእኛ ዶሮውን ከነሕይወቱ ይልኩልናል፣ አባቴ ይባርካል፤ ለፋሲካ እኛም ለእነሱ እንዲሁ። ሁለት ማጀት፣ አንድ ደጅ ነበርን።

ታዲያ እንዴት ተቀናቃኝ ሆኑ? ከጉና የሚወርዱት ገበሬዎች መንገድ ይፈልጉ ነበርና አባቴን «አንተ ሂድልን» ብለው ለመኑት። ገበያተኞቹ ደግሞ ጋሽ ሰይድን ለመኗቸው። ሁለቱም መጀመሪያ እምቢ አሉ። ሁለቱም ሌላኛው እምቢ ማለቱን ሰምተው እሺ አሉ። ለየብቻ ተመዝግበው ሲመለሱ በራችን ላይ ተገናኙና ተያይተው ሳቁ። እናቴ ግን ያን ቀን አልሳቀችም። እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ግድግዳውን ስታይ ቆየች።

የግል ዕጩ ምልክቱን የሚወስደው ከቀረቡለት ሥዕሎች ነው፤ ቀድሞ የደረሰ ቀድሞ ያነሣል። አባቴ ጃንጥላውን አስቦ ነበር። የዚያን ዕለት ግን ቀብር ውሎ አረፈደ፤ ሲደርስ ጃንጥላውን ጋሽ ሰይድ ወስደውታል። የቀረው ፋኖስና ሌላ ማንም የማይፈልገው ነገር ነበር። «ፋኖስም ደግ ነው፤ ያበራል» ብሎ መጣ። እኔ በዚያች ቅጽበት መቅናት ጀመርሁ፤ ከዚያ በፊት በዘይነባ ቀንቼ አላውቅም።

ጋሽ ሰይድ ለልጃቸው ከሱቃቸው አረንጓዴ ጃንጥላ አወረዱላት። እጀታው የተቆለመመ እንጨት፣ ጫፉ የሚያበራ ነሐስ ነበር። ስትዘረጋው ድምፁ ራሱ ያስቀና ነበር፤ ትልቅ ወፍ ከዛፍ ሲነሣ እንደሚሰማው ያለ። መንገድ ላይ የማያውቃት ሁሉ «የጃንጥላው ልጅ» ይላታል፤ ሴቶች ጉንጯን ይነካሉ። እኔን ግን የክፍላችን ልጆች ፋኖስ እንኳ አላሉኝም። አንዱ ጥርሰ ፍንጭት በር ላይ ጠብቆ «ኩራዝ መጣች፤ እፍ በሏት!» ይላል፤ የቀሩት በአንድነት እፍ ይሉብኛል። ዘይነባ አትስቅም ነበር። እኔ ግን ባለመሳቋም ቀናሁ፤ ላለመሳቅ የሚያስችል ጃንጥላ አላት ብዬ።

በዚያ ሰሞን ንግሥ ነበር። ካህናቱ ባለ ዘርፍ ጥላቸውን ዘርግተው ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ሕዝቡ እልል አለ። እኔ ቄሶቹ ሁሉ ለሙስሊሙ ጎረቤታችን ድምፅ የሚሰበስቡ መስሎኝ እንባዬ ዱብ አለ። ለእናቴ በጆሮዋ ብነግራት «ዝም በይ፣ ሰው እንዳይሰማሽ» ብላ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አብራኝ የምታለቅስ መስሎኝ ተጽናናሁ። ለካ እየሳቀች ኖሯል።

አባቴ ፋኖሱን በቀን አብርቶ ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ከሚዛኑ በላይ ሰቀለው። ወረፋ ለሚጠብቁት ስለ ጉና መንገድ ይነግራቸዋል፤ ገብስ በጀርባቸው ተሸክመው ስለሚወርዱት ሴቶች፣ ምጥ የያዛት በቃሬዛ ስትወርድ ስለምትደርስበት ገደል። ስለ ራሱ ግን አንድ ቃል አይወጣውም፤ ሞተሩ ሲነሣ ደግሞ የተናገረውም አይሰማም። ከጉና የወረደ አንድ ገበሬ ቀና ብሎ ፋኖሱን አየና «አያ አድማሱ፣ ጋዝ ተርፎህ ነው ከፀሐይ ጋር የምትፎካከር?» አለው። ወፍጮ ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። አባቴም ሳቀ፤ ከቅንድቡ ዱቄት ረገፈ። እኔ አልሳቅሁም። ያቺ ጃንጥላ የእኛ ብትሆን ማንም እንዲህ አይለንም ነበር።

ስለዚህ መብራት እንዲጠፋ እጸልይ ጀመር። መብራት ቢጠፋ ከተማው ሁሉ ፋኖስ ፈላጊ ይሆናል፤ ይህ የልጅ ስሌት ነበር። አንድ ቀን ገና እንደመሸ ጸሎቴ ሰመረ። ከተማው በአንድ ጊዜ ጨለመ፤ እኛ ቤት ፋኖሱ በራ። ደስታዬን ሳልጨርስ በሩ ተንኳኳ። ዘይነባ ነበረች፤ ደብተሯን በብብቷ፣ ጃንጥላዋን በእጇ ይዛለች። «እትዬ ጥሩዬ፣ ሻማ አልቆብን ነው፤ በእናንተ ፋኖስ ላጥና?» አለቻት እናቴን። እናቴ አስገብታ አጠገቤ አስቀመጠቻት። ጃንጥላው እንዲንጠባጠብ እንደተዘረጋ ጥግ ላይ ተቀመጠ። ያኔ ነው ግድግዳውን ያየሁት። ፋኖሳችን የጃንጥላውን ጥላ አገዝፎ ከወለል እስከ ጣራ ዘርግቶታል። የገዛ ፋኖሳችን ለእነሱ ይቀሰቅስ ነበር።

ዘይነባ ግን ግድግዳውን አላየችም። እርሳሷን እያኘከች በሹክሹክታ ጠየቀችኝ። «አባትሽ ቢያሸንፍ አዲስ አበባ ትሄዳላችሁ?»

«እንሄዳለን» አልሁ፤ ማንም እንዲያ አላለኝም ነበር።

«የኔም አባት ቢያሸንፍ እንሄዳለን መሰለኝ።» እርሳሷን ከአፏ አወጣችና «እኔማ ሁለቱም ባይመረጡ እወዳለሁ» አለች።

ተናደድሁ። ይህን ማለት የሚችል የጃንጥላ ባለቤት ብቻ ነው ብዬ አሰብሁ። የጠገበ ሰው ምግብ ይቅር ቢል ምን ይገርማል? በማግስቱ ከዴስካችን ተነሥቼ ኋላ ሄጄ ተቀመጥሁ። እሷ ደግሞ የኔን ቦታ ማንም እንዳይቀመጥበት ጃንጥላዋን አጋደመችበት። በዚህም ቀናሁ፤ ወንበሬን ሳይቀር ጃንጥላው ወረሰው ብዬ።

የምርጫው ቀን ጣቢያው ትምህርት ቤታችን ነበር። ገና በጠዋቱ ዝናቡ ወረደ፤ ሰልፉ ከበሩ አልፎ እስከ አስፋልቱ ደርሷል። ሕጉ በዕለቱ የዕጩ ምልክት በጣቢያው አካባቢ እንዳይታይ ይከለክላል። አስፈጻሚው ወጣት ወደ ሰልፉ ቢወጣ ግቢው ሁሉ ጃንጥላ በጃንጥላ ነው። ምን እንደሚያደርግ ግራ ገብቶት ቆመ። ይህን ጊዜ ሰልፍ ላይ የነበሩት ጋሽ ሰይድ የራሳቸውን አጥፈው «ሕግ ነው ወገኖቼ፣ ጃንጥላችሁን ዝጉ» አሉ። ሰዉ ዘጋ። ወዲያው አባቴ ከሰልፉ ጫፍ ድምፁን ከፍ አድርጎ «እናቶች በእኔ የተነሣ በዝናብ አይደበደቡም፤ ክፈቱ» አለ። ሰዉ ከፈተ።

«አድማሱ፣ ሕግ አታስጥሰኝ» አሉ ጋሽ ሰይድ።

«አንተ ደግሞ ሰው አታስበርድብኝ» አለ አባቴ።

ሰልፈኛው ማንን እንደሚሰማ አጣ። ግማሹ ጃንጥላውን በግማሽ ዘርግቶ፣ ሁለቱንም ላለማስቀየም፣ ከላይ እየራሰ ከታች እየተጠለለ ቆመ። እኔ በንዴት አበድሁ። አባቴ የሰው ጃንጥላ በገዛ አፉ አስከፈተ!

እናቴ ጥሩወርቅ ተራዋ ሲደርስ ወረቀቷን ተቀብላ ከመጋረጃው ጀርባ ገባች። እኔ በር ላይ ስጠብቃት ከኋላዋ የገቡት መርጠው ወጡ፤ እሷ አልወጣችም። አስፈጻሚው ጉሮሮውን ጠርጎ «እማማ፣ ጨረሱ?» ቢላት ከውስጥ «ቆይ ልጄ፣ ሰው እየመረጥሁ እኮ ነው» አለች። ከኋላ ሰልፉ ሳቀ። በመጨረሻ ስትወጣ ፊቷ ከቁርባን እንደተመለሰች ሁሉ የተረጋጋ ነበር። ጥፍሯ ላይ ያለውን ቀለም እንዳይለቅ ከዝናቡ እንደሰወረች ወደ ቤት ሄድን።

በማግስቱ ውጤቱ የክፍላችን በር ላይ ተለጠፈ። መጀመሪያ የደረስነው እኛ ልጆች ነን። ፋኖስና ጃንጥላ ተቀራርበው ተቀምጠዋል። ከሁለቱም በላይ ምልክቱ መሰላል የሆነ ሦስተኛ ዕጩ ነበር፤ ኑሮው አዲስ አበባ ነው፣ አንድ ቀን በመኪና መጥቶ ሜዳው ላይ በድምፅ ማጉያ ተናግሮ የሄደ። ከሁሉም የሚበልጠው ግን ታች የተጻፈው ነበር፤ የተበላሸ ድምፅ። የክፍል መምህራችን ቆጠራው ላይ ነበሩና አስረዱን። ከተበላሹት ብዙዎቹ ወረቀቶች ላይ ሁለት ምልክት ነበረባቸው፤ አንዱ ፋኖሱ አጠገብ፣ አንዱ ጃንጥላው አጠገብ። ሁለት የተመረጠበት ወረቀት ደግሞ አይቆጠርም። በሌሎቹ ጣቢያዎችም ነገሩ ተመሳሳይ እንደነበር ቆይቶ ተሰማ። መሰላሉን ማንም አያውቀውምና ማንም ይሉኝታ አልያዘውም፤ የመረጡት እሱን ብቻ መረጡ። አሸነፈ።

በእኛ አገር የተሸነፈ ሰው እንደ ሐዘንተኛ ይጠየቃል። ከሰዓት በኋላ አባቴ ጋሽ ሰይድን ሊያጽናና ጋቢውን ለብሶ ሲወጣ፣ ጋሽ ሰይድ አባቴን ሊያጽናኑ ከነእትዬ መዲና ወደ እኛ ሲመጡ በሩ ላይ ተጋጩ። ወደ እኛ ቤት ገቡ። እኔና ዘይነባ በሁለት ጥግ ተኮራርፈን ተቀመጥን። ስለ ዝናቡ ተወራ፤ ስለ ዘንድሮ ድንች ተወራ። በመጨረሻ አባቴ ራሱን ነቅንቆ «ለመሆኑ ሁለት ላይ ምልክት የሚያደርግ ምን ዓይነት ሞኝ ነው?» አለ።

እናቴ እትዬ መዲናን አየች፤ እትዬ መዲና ወለሉን አዩ።

«ሞኝ አትበል» አለች እናቴ። «እኔ ነኝ።»

እትዬ መዲና የሻሻቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ አድርገው «እኔም» አሉ፤ የሚሰማ አይመስልም ነበር።

አባቴ ከመቀመጫው ግማሽ ያህል ተነሣ። «አንድ ብቻ፣ አንድ ብቻ እያሉ በድምፅ ማጉያ ሲለፍፉ አልሰማሽም?»

«ሰማሁ እንጂ። ከመጋረጃው ጀርባ ማንም አያይዎትም አሉኝ። ሰው ባያይ እግዜር አያይም? አንተን ትቼ ወደ ቤቴ፣ ሰይድን ትቼ ወደ ደጄ በምን ዐይኔ ልግባ? ደግሞስ ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ያሉት አባቶች ሞኝ ነበሩ?»

 መጀመሪያ መንቀጥቀጥ የጀመረው የጋሽ ሰይድ ትከሻ ነው። «አድማሱ» አሉ ሳቃቸውን እየዋጡ፣ «እኛን መሰላሉ አይደለም ያሸነፈን።» አባቴም አልቻለም፤ ሳቀ። ሴቶቹም ሳቁ። ከሁሉም ቀድሞ ያቆመው ግን አባቴ ነበር። እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ «መንገዱ ግን ቀረ» አለ ቀስ ብሎ። 

ዝናቡ ሲያባራ ዘይነባ ጃንጥላዋን አንሥታ ወጣች። ደጁ ላይ ዞር ብላ «አሁን ማንም አይሄድም አይደል?» አለችኝ። አይሄድም አልኋት። በማግስቱ ወደ ዴስኬ ተመለስሁ፤ ከትምህርት ቤት ስንመለስ ጃንጥላው ስር ሁለት ሆነን ሄድን። እጀታውን ግን እሷ ያዘችው። እውነቱን ለመናገር ያን እጀታ ዛሬም እመኘዋለሁ።

ከዚያ ወዲህ ያለው የምርጫ ክልላችን ታሪክ አጭር ነው። መሰላሉ ተመልሶ አልመጣም። ባለ ወፍጮና ጨርቅ ነጋዴ ዳግመኛ አልተወዳደሩም፤ ዕጩዎቹ ስማቸው ከሩቅ የሚመጣ፣ ፎቶግራፋቸው ከእነሱ ቀድሞ የሚደርስ ሰዎች ሆኑ። የጉና መንገድ ግማሹ ተሠራ፣ ግማሹ ዛሬም በበቅሎ ነው። አሁን ከተማው ባጃጅ ሞልቶታል፤ ዝናብ ሲመጣ ሰው ጃንጥላ ከመዘርጋት ባጃጅ መጥራት ይቀናዋል። ዘይነባ የአባቷን ሱቅ ይዛለች። የምትሸጠው ጃንጥላ ቦርሳ ውስጥ የሚታጠፍ ነው፤ የጉና ነፋስ አንዴ ሲገለብጠው አለቀለት። ጋሽ ሰይድ ያረፉ ጊዜ አባቴ የእሳቸውን ትልቁን ጥቁር ጃንጥላ ይዞ እስከ መቃብራቸው ሄደ። ፀሐይ ነበር፤ ዝናብ አልነበረም። 

ባለፈው ምርጫ እናቴን ይዤ ሄድሁ። አርጅታለችና ቆማ እንዳትደክም አስቀድመው አስገቧት። ወረቀቱ ረጅም ነበር። እንደ ድሮው ትቆያለች ብዬ በር ላይ ተደግፌ ለመጠበቅ ተዘጋጀሁ። ገና ነጠላዬን ሳላስተካክል ወጣች።

«ጨረስሽ?» አልኋት።

«ምን የሚያቆይ ሰው አለና» አለች፣ ጥፍሯን እያየች።

ዘንድሮ የማስተምረው የዜግነት ትምህርት ነው። ድምፅ አሰጣጥን በተግባር እንዲያዩት ብዬ የክፍል አለቃ በምስጢር አስመረጥኋቸው። ከበሩ ጀርባ መጋረጃ ሰቀልሁ፤ ለዕጩዎቹ ምልክት ሰጠሁ፤ አንድ ብቻ፣ አንድ ብቻ ብዬ ደጋግሜ አስረዳሁ። ከተማሪዎቹ አንዱ መጋረጃው ጀርባ ገብቶ ቀረ። ሰልፉ ማጉረምረም ጀመረ። ጨረስህ እንዴ ብዬ ለመጣራት አፌን ከፍቼ ተውሁት፤ እስኪወጣ ጠበቅሁት።

ስንቆጥር አንዱ ወረቀት ላይ ሁለት ምልክት አገኘሁ፤ ሁለቱም ጠንከር ተደርገው የተጻፉ፣ ሁለቱም እኩል። ሕጉ ሕግ ነውና ሰሌዳው ላይ የተበላሸ ብዬ መዘገብሁት፤ ለምን እንደማይቆጠርም በሥርዓቱ አስረዳሁ። ልጆቹ ሳቁ፤ ማን ነው ሞኙ ተባባሉ። ያ ልጅ ጆሮው ቀልቶ ዴስኩን ያያል። አጠገቡ በግራም በቀኝም ጓደኞቹ ተቀምጠዋል፤ ሁለቱም ዕጩዎች ነበሩ።

ወረቀቱን እንደሌሎቹ ቅርጫት ውስጥ አልጣልሁትም። አጥፌ ኪሴ ከተትሁት። ውጭ ጉና ጠቁሯል፤ ዝናቡ እየመጣ ነበር። እኔም በዚህ ዕድሜዬ፣ ጠመኔ በእጄ ይዤ፣ ከመጋረጃ ጀርባ የሚያቆየው ሰው ስላለው በተማሪዬ ቀናሁ።